በነርሷ ደረት ላይ የተኛች ልጄ

ልጄን የወለድኳት ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። እኔም ባለቤቴም ቦዲቲ አስተማሪዎች ነበርን፤ ጎረቤቱ «የሰው ልጅ ሲያሳድጉ የራሳቸውን ሳያዩ ሊያረጁ ነው» እያለ ያዝንልን ነበር። ስትወለድ ታዲያ ለማንም አላስይዝ አልኩ። አማቴ እንኳ ስታቅፋት እጆቼን ዘርግቼ አጠገቧ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

መራመድ በጀመረችበት ክረምት ጉንፋን ያዛት። እንደ ሌላ ጊዜው ያልፋል ስል አንድ ቀን ጠዋት ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ሆነ። አፍንጫዋ ይከፈታል፣ ይከደናል፤ ጡት ስሰጣት ትንሽ ስባ ትለቀዋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠራኋት። ልብሷን ገልጣ ደረቷን አየችና፣

«ጎድኗ ሥር ሲሰረጉድ ይታይሻል? ይሄ እዚህ የሚቆይ አይደለም፤ ቶሎ ሶዶ ውሰዷት» አለችኝ።

ሶዶ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ የሕፃናት ክፍል የተቀበለችን ነርስ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ነበረች። ወላይትኛ አትችልም። «አምጫት እናቷ» ብላ ልጄን ከእቅፌ ወሰደቻት። ጣቷ ላይ ቀይ መብራት ያለው መቆንጠጫ ሰካች፤ መቆንጠጫው የተያያዘበት ማሽን ላይ የወጣውን የኦክስጅኗን ቁጥር አየችና ቀጭን የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ጉንጮቿ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው።

«ጡት ላጥባት ሲስተር?»

«አሁን አይሆንም። እንዲህ እየተነፈሰች ወተቱ ወደ ሳንባዋ ሊሄድባት ይችላል። ትንሽ ስታርፍ ታልቢላታለሽ፣ በማንኪያ እንሰጣታለን።»

ደረቴ በወተት ተወጥሮ እያመመኝ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። በነርሷ መቅናት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሰብኝ። ልጄ በኔ እቅፍ ስትሆን ታለቅሳለች፣ ቱቦውን ትነቅላለች፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ማሽኑ ይጮኻል። ሲስተር ትመጣለች። ትወስድና ቀና አድርጋ ደረቷ ላይ ትደግፋታለች፤ ጀርባዋን በመዳፏ እያሻሸች የማላውቀውን ነገር ታንጎራጉርላታለች። ልጄ ዝም ትላለች። ቁጥሩም ቀስ እያለ ይወጣል። ማሽኑ ራሱ ከሷ ጋር ያበረብኝ ይመስለኝ ነበር።

«ጌታ ይባርካት፤ እጇ መድኃኒት ነው» አለ ባለቤቴ አንድ ቀን።

«የኔስ እጅ?» አልኩት።

ምግብ ላምጣ ብሎ ወጣ።

እንከን ፍለጋ ዓይኔን ከሷ ላይ አላነሳም ነበር። አንሶላ አጣጥፋ ከልጄ ትከሻ ሥር ስትከት አያለሁ። ከመመገቧ በፊት አፍንጫዋ ውስጥ የጨው ውሃ ጠብ ታደርግና ንፍጡን ትጠርጋለች። የቱቦውን ጫፍ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክራ አየሩ አረፋ መሥራቱን ታያለች፤ ንፍጥ ከደፈነው አጥባ ትመልሰዋለች። ፕላስተሩን ስታነሳ እንኳ ጉንጯን አርጥባ ነው። አንድ ስህተት ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። አላገኘሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን ድምፁ ቀጥ አለ። ሠራተኞች ሲሊንደር እየገፉ መጡ፤ እኔም ሲስተር ወደኛ ትሮጣለች ብዬ ብድግ አልኩ። እሷ ግን ከንፈሩ ወደጠቆረው፣ አጠገባችን አልጋ ላይ ወደተኛው ጨቅላ ዞረች።

«እናቷ፣ ቀና አድርገሽ ያዣት! አሁን መጣሁ!»

ልጄን ስትወስድብኝ የቀናሁ ሴት፣ ትታት ወደ ሌላ ልጅ ስትሄድም ቀናሁ። የኔን ለምን አታስቀድምም አልኩ በሆዴ። ግን ለመናደድም ጊዜ አልነበረም። ልጄን አነሳኋት፤ ደረቴ ላይ ደገፍኳት፤ አንገቷ እንዳይታጠፍ አገጯን በጣቴ ያዝኩ፤ ጀርባዋን በመዳፌ አሻሸሁ። ማንጎራጎር ስለማልችል በወላይትኛ ያባቷን ዘመዶች ስም እየጠራሁ አወራኋት። እያቃሰተች ትተነፍሳለች፤ ግን አላለቀሰችም።

ሲስተር መጥታ ቱቦውን ከሲሊንደሩ ጋር ስታገናኝ አያያዜን አየች።

«እንዲህ መያዝ ማን አሳየሽ?»

«አንቺ» አልኳት። ክስ ይመስል ነበር አነጋገሬ። እሷ ግን ሳቀች፤ ጨቅላውም መተንፈሱን ነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ እየዳነች መጣች። ኦክስጅኑን ቀስ በቀስ ቀነሱላት፤ በመጨረሻም ቱቦው ወጣ። ጡት መለስኩላት፤ ያን ቀን ማንም እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። በማግስቱ ሲስተር ስትገባ ልጄ ጡቱን ለቃ እጆቿን ወደሷ ዘረጋችና «አዬ! አዬ!» አለች።

«ምን እያለችኝ ነው?» አለች ሲስተር።

የልጄን ልብስ ማስተካከል ያዝኩ። የጨቅላው እናት ናት በተሰባበረ አማርኛ የመለሰችላት። «እናቴ ነው የሚልሽ፣ ሲስተር! እናቴ!»

ሲስተር ቀላች። «አይ የኔ ቆንጆ፣ እናትሽማ ይቺውልሽ» ብላ ልጄን መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ደግነቷ ይበልጥ አንገበገበኝ። ክፉ ብትሆን ኖሮ መጥላት ይቀለኝ ነበር።

ወደ ቦዲቲ ስንመለስ ምን ምን ምልክት ካየሁ ሳልውል ሳላድር ላመጣት እንደሚገባ አስጠንታ ሸኘችን። አመሰገንኳት፤ ግን ዓይኗን ሳላይ ነው።

ለክትትል የተመለስነው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ልጄ ወፍራለች፣ ትሮጣለች። ሲስተር ኮሪደሩ ላይ አየችንና ከሩቅ እጆቿን ዘርግታ መጣች። «መጣችልኝ! ነይ እስቲ!»

ልጄ አየቻት፤ አላወቀቻትም። ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ «አዬ» አለችኝና ፊቷን ጭኔ መሃል ቀበረች።

ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። ቀና ስል ግን የሲስተር እጆች ገና እንደተዘረጉ ነበሩ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

«ረሳችኝ» አለች፤ ለመሳቅ እየሞከረች።

ልጄን አነሳኋትና ይዣት ተጠጋሁ። «ንኪያት፤ ስትተነፍስ ስሚያት» አልኳት። ሲስተር መዳፏን ልጄ ጀርባ ላይ አሳረፈችና አዳመጠች። ልጄም ከኔ እቅፍ ሳትወርድ ዝም ብላ አስነካቻት።