የእናታችን ድምፅና የየሺ ጊታር

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ካለ አንድ ሱቅ ደጃፍ ዝናቡ እስኪያባራ ተጠልዬ ሳለሁ፣ ከውስጥ አንድ ወጣት አዲስ ጊታር ይቃኝ ነበር፤ ክሩ ሲከር ድምፁ ቀስ እያለ ሽቅብ ሲወጣ ስሰማ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ባለሱቁ ብርድ የመታኝ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ።

እኛ ቤት የነበረው ጊታር የታላቅ እህቴ የየሺ ነበር፤ ከተማችን ያስተምር የነበረ መምህር ሲዛወር ትቶላት የሄደ፣ ሆዱ ተሰንጥቆ በሙጫ የተያያዘ። አባታችን እህል ሊሸምት እብናት በሚወርድበት ቀን ታወጣዋለች፤ በሰፈሩ ሰርግ ሁሉ የምትጠራ ዘፈን አውጪ የነበረችው እናታችን ደግሞ ጥጥ እየፈተለች ትዘፍንላታለች። አባታችን ሁሉንም ያውቅ ኖሯል፤ ሲመለስ ጊታሩን እስክንደብቅ ጊዜ ሊሰጠን በር ላይ ቆሞ ደጋግሞ ይስል ነበር።

የእናታችን ድምፅ ቀጭንና ከፍ ያለ ስለነበር የሺ የጊታሩን አንገት በእርሳስና በላስቲክ ጠፍራ ታስረዋለች። «ክሩ ሲያጥር ድምፁ ይወጣል» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ በማግስቱ እርሳሴን ስፈልግ ከትምህርት ቤት አረፍዳለሁ።

ከዚያ እናታችንን ጉሮሮዋን አመማት። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን ድምፅዋ ወርዶ ሻክሮ ቀረ። የሺ እርሳሱን ፈታች። ድምፅዋ ይበልጥ ሲወርድ ክሮቹን ሁሉ እያላላች ተከተለቻት፤ በመጨረሻ ከመላላታቸው የተነሳ ከአንገቱ ብረቶች ጋር እየተነካኩ እንደ ዝንብ ጥዝ ይሉ ጀመር። እናታችን ፈገግ ብላ «እሱንም እንደኔ ጉሮሮውን አመመው» አለች። የሺ አልሳቀችም። ለባሕር ዳር ሚኒባስ ሾፌር ነግራ ወፈር ያሉ ክሮች አስመጣች፤ ወፍራም ክር ዝቅ ብሎ ቢቃኝም ጠበቅ እንዳለ እንደሚቆይ መምህሩ አሳይቷት ነበር። ስትገጥማቸው እኔ ጊታሩን ያዝኩላት። ጥርት ያለ ወፍራም ድምፅ ወጣ፤ እናታችንም ትራሷን ተደግፋ የሙሽራ መሸኛዋን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈነች። አባታችን ያን ዕለት ቤት ነበር። አጠገቧ እንደተቀመጠ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው።

ጥምቀት ሳይደርስ ድምፅዋ ሹክሹክታ ሆነ። የሺ ክሩን ልታላላ እጇን ስትሰድ «ተይው ልጄ፣ አንቺ ተጫወች፣ እኔ እሰማለሁ» አለቻት። ጾሙ ሲገባ ዐረፈች።

ከተዝካሩ በኋላ የሺ ዐረብ አገር ሄደች፤ ዓመታት ቆይታ ተመለሰች፤ አሁን እዚሁ ከተማ ልብስ ትሸጣለች። ያን ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ በቀጥታ ወደ እሷ ሄጄ እንድትጫወትልኝ ለመንኳት። ጊታሩን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ጠረገችና ጭኗ ላይ አሳረፈችው። መሸኛውን ለማንሳት ሞከርን። ግጥሙ ሁለታችንም ጋ አለ፤ ግን እሷ ከፍ አድርጋ ጀመረች፣ እኔ ዝቅ፤ ተያይተን ቆምን። እሷ የእናታችንን የጤናዋን ጊዜ፣ እኔ የሕመሟን ጊዜ ድምፅ እየፈለግን ነበር፤ ሁለታችንም አላገኘነውም።

«በየትኛው ልቃኘው?» አለችኝ።

እናታችን ካሴት ላይ የቀረ ድምፅ የላትም። ስትስቅ፣ ስትቆጣን፣ ከጓሮ ስትጣራ አሁንም ይሰማኛል፤ ስትዘፍን ግን አፏ ሲከፈት ብቻ ነው የማየው።