የግራው የፊት ጎማ

ዋቅጅራ ኮተቤ ውስጥ መኪና ከፍ በማድረግ የታወቀ መካኒክ ነበር። መንገዱ በየሰፈሩ በሚቆፈርበት በዚያን ዘመን፣ የቤት መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ሆዷ ድንጋይ እንዳይነካ መጀመሪያ የሚወስዳት ወደ እሱ ነው። እሱም ቶርኖ ቤት ያስቆረጠውን ወፍራም የአሉሚኒየም ቀለበት ከሞላው በላይ ያስገባና መኪናዋን አራት ጣት ያህል ያነሳታል። በግቢው በር ላይ በቀይ ቀለም «መኪና ከፍ እናደርጋለን» የሚል ጽሑፍ ነበር። ልጆቹን ያሳደገው በዚህ ሥራ ነው።

እኔ ከግቢው አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ስላለችኝ ብዙ ነገሩን አይቻለሁ። ስለ መኪና የማውቀው ግን እሱ ያስረዳኝን ብቻ ነው፤ ስህተት ካለበት የእኔ ነው።

ሙያውን የተማረው በውትድርና ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ጥቂት መፍቻዎች በከረጢት ይዞ ኮተቤ ደረሰ፤ መንገድ ዳር ጀምሮ ግቢ እስከ መከራየት ደረሰ። ብዙ አይናገርም። ፍሬን በሚፈታበት ጊዜ ደግሞ ሬዲዮ ያስጠፋል።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ እንደጀመረ፣ ዘቢደር የምትባል የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አንዲት ነጭ መኪና ይዛ መጣች። መኪናዋን ከሌላ ሰው የገዛቻት በቅርቡ ነው፤ ምክንያቱም እግራቸውን የታመሙት እናቷ፣ እማማ የማርያምወርቅ፣ በየቅዳሜው እንጦጦ ማርያም ጸበል ይጠመቁ ነበር። እማማ ኋላ ወንበር ላይ በነጠላ ተሸፍነው ተቀምጠዋል።

«ኤቢኤስ የሚለው ቢጫ መብራት ነው ያስቸገረኝ» አለች። «ሌላ ጋራዥ በኮምፒውተር አጥፍተውልኝ ነበር። ሜዳው ላይ ምንም የለም፤ የእንጦጦን ዳገት ስጀምር መልሶ ይበራል።»

«ፍሬኑስ ይይዛል?»

«ይይዛል።»

«በደረቅ መንገድ ይይዛል። መብራቱ ከበራ ግን፣ በእርጥብ መንገድ አጥብቀሽ ስትረግጪ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው ነገር አይሠራም። መሪ ብታዞሪም መኪናዋ አትሰማሽም። እስክጨርስ እንጦጦ አትውጪባት።»

እማማ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «አንተ ጴንጤ ነህ አሉ። ፍሬኑን ሃሌ ሉያ እያልክ ነው የምትሠራው?»

«በመፍቻ ነው እማማ። ሃሌ ሉያውን ስጨርስ ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ ሥራ።»

መኪናዋን ትተዋት ሄዱ። የምርመራው ማሽን ጥፋቱ የግራው የፊት ጎማ ላይ ነው አለ፤ የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር። ዋቅጅራ ሽቦውን በቴስተር ለካው፤ ደህና ነው። ላዩንም በጣቱ ዳሰሰው፤ ደህና ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እሱ ግን ትንሽ አሰበና ጠራኝ።

«እስቲ ግባና መሪውን ወደ ቀኝ አዙር። እስከ መጨረሻው።»

አዞርኩ። ቴስተሩ ላይ የነበረው ቁጥር ጠፋ። ስመልሰው ቁጥሩም ተመለሰ።

«ላዩ ደህና ነው፣ ውስጡ ተበጥሷል» አለኝ። «ጥምዝምዙ ላይ ሲወጠር ይለያያል።»

«ለምን ተወጠረ?»

የእጅ ባትሪውን አብርቶ ከጎማው በላይ ተመለከተ፣ ቆየና ባትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠው። በአሉሚኒየሙ ቀለበት ጠርዝ ላይ በምስማር ጫፍ የተመቱ ሦስት ነጥቦች ነበሩ። እሱ በሠራው ቀለበት ሁሉ ላይ የሚመታቸው ምልክቶቹ ናቸው። መኪናዋን ለቀድሞው ባለቤት ከፍ ያደረጋት ራሱ ነበር። አካሏ ሲነሳ ሽቦው አጠረ፤ በየጉድጓዱ እየተሳበ ተበጠሰ።

መለዋወጫ ሻጩ ጉተማ የገባው ያኔ ነው። «ምን ሆነሃል? ሰው የሞተብህ ትመስላለህ።» ጎንበስ ብሎ አየ፤ ገባው። «ሽቦውን ቀጥልና ስጣት። ይህንን የምናውቀው እኔና አንተ ነን።»

ዋቅጅራ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

«እሱማ የእስክሪብቶ ዋጋ ለመናገር ያፍራል፤ ለማን ያወራል ብለህ ነው? ይልቅ በርህ ላይ የጻፍከውን አንብበው። ይህን ከተናገርክ ማን ይመጣብሃል?»

«እናቷ ኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት» አለ ዋቅጅራ።

ማታ ዘቢደር ከሥራ ስትወጣ መጣች። ቆሞ፣ ቀለበቱን እያሳያት ነገራት። «ይህን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሽቦው እንደሚያጥር አላሰብኩም።»

«እናቴን ይዤ በየቅዳሜው ስወርድ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«በዝናብም ወርጃለሁ።»

«አዎ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ይዛት የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እጇ ውስጥ ስታገላብጠው ቆየችና መልሳ አስቀመጠችው። «ሠርተው ሲጨርሱ አብረውኝ ይወርዳሉ» አለችው።

«እወርዳለሁ።»

ቀለበቶቹን ከአራቱም ጎማዎች አወጣ። ሴንሰሩን ከነሽቦው ቀየረ፤ መሪው በየትኛውም አቅጣጫ ሲዞር ሽቦው እንዳይወጠር አድርጎ አሰረው። መብራቱ ጠፋ። ቅዳሜ ዕለት ከፊት ከዘቢደር ጎን ተቀመጠ፤ እኔንም ና አለኝ። ለምን እንደፈለገኝ አልጠየቅኩትም። ከእማማ ጎን ሆኜ ሄድኩ።

ስንወጣ መብራቱ አልበራም። ከጸበሉ በኋላ ስንመለስ ዝናቡ ጀመረ። ከጥምዝምዙ ወዲያ ቅጠል የተጫኑ አህዮች ድንገት ከባሕር ዛፉ ውስጥ ወጥተው መንገዱን ሞሉት። ዘቢደር ፍሬኑን በሙሉ ኃይሏ ረገጠችው። ከሥር ግርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። መኪናዋ ወደ ጎን ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች። የመጨረሻው አህያ ዞር ብሎ አየን።

«ተንቀጠቀጠ!» አለች ዘቢደር። «ፍሬኑ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ! ጋሽ ዋቅጅራ፣ አልተሠራም!»

«ተሠርቷል» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «የሚንቀጠቀጠው ሲሠራ ነው። እስከ ዛሬ ሠርቶ ስለማያውቅ ነው ያላወቅሽው።»

እማማ የጸበል ጠርሙሳቸውን እንዳቀፉ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «አንተ ልጅ፣ እንግዲህ ጨረስክ። ሃሌ ሉያውን በል እንጂ።»

የዋቅጅራ ሁለት እጆች ዳሽቦርዱ ላይ ተዘርግተው ነበር፤ አህዮቹ አልፈው እስኪያልቁ አላነሳቸውም።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ዋቅጅራን በግቢው በር ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ በነጭ ቀለም ሲያጠፋ አገኘሁት። ከዚያም መኪናቸውን ከፍ ላደረገላቸው ሰዎች ሁሉ እየደወለ እንዲመጡ ነገራቸው። ጥቂቶች መጡ። ብዙዎቹ «መብራት ነው፣ ምን ያመጣል» ብለው ቀሩ። ሥራው በጣም ቀነሰ፤ ጉተማ እውነቱን ነበር። ዝናብ ሲጀምር ዋቅጅራ እጁን በጨርቅ ጠርጎ በሩ ላይ ይቆምና፣ ወደ ላይ የሚያልፉትን መኪኖች የፊት ጎማ ያያል።