የኦቦ ገመቹ ሸርተቴ

ባለፈው እሑድ ቡራዩ ውስጥ፣ አንድ ሻይ ቤት ግቢ ባለው የልጆች ሸርተቴ ላይ ወጥቼ መሃሉ ላይ ተወትፌ ቀረሁ። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ "አባባ፣ አንተ አትችልም" ስላለችኝ ነው፤ እድሜዬን ሙሉ ከዚህች ቃል የተማርኩት ነገር የለም። ሁለት አስተናጋጆች፣ አንዱ ትከሻዬን ከላይ እየገፋ፣ አንዱ እግሬን ከታች እየጎተተ ሲያላቅቁኝ፣ ፀሐይ ያጋለው ፕላስቲክ አፍንጫዬ ሥር እየሸተተ፣ እኔ የማስበው ስለ ሱሪዬ መቀደድ አልነበረም።

"እኔ እኮ የሸርተቴ ባለቤት ልጅ ነኝ!" አልኳቸው።

"እሺ አባባ፣ ብቻ አይወራጩ" አለ እግሬን የያዘው።

እውነቴን ግን ነበር። አገራችን ሱሉልታ ላይ ኦቦ ገመቹ የሚሉት አባቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ አንድ ፈረንጅ ቤት ዘበኛ ሳለ፣ ሰዎች በነጭ ተራራ ላይ ቁልቁል ሲንሸራተቱ የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየ፤ ፈረንጁም ቦታውን ያቋቋመው አንድ ቤተሰብ እንደሆነ ነገረው። አባቴ ዘበኝነቱን ትቶ ሲመለስ ያመጣው ንብረት ይህ ወሬ ብቻ ነበር። በረዶ የለንም፤ ሣር ግን ነበረን፤ ከቤታችን በላይ ያለው ቁልቁለት በጥቅምት ታጭዶ ሲደርቅ በግ እንኳ ቆማ አትወርደውም። እናም የበሬ ቁርበት አደረቀ፣ መያዣ ጠፍር አበጀለት፣ ጠጉሩን ወደ መሬት፣ አንገቱን ወደ ፊት አድርጎ ዘረጋውና ቤተሰቡን በሙሉ ሥራ አስገባ። ወንድሜ የወረደውን ቁርበት በአህያ ወደ ላይ ይመልሳል፤ እናቴ ታች እርጎ ይዛ ትጠብቃለች፤ እኔ ደግሞ "አያስፈራም" ለሚለው ነገር ማስረጃ ሆኜ ከእያንዳንዱ አዲስ እንግዳ ፊት ቀድሜ እወርዳለሁ። የፊት ጥርሶቼን ያጣሁት በዚህ ሹመት ላይ ነው።

እሑድ እሑድ የአዲስ አበባ ሰው እንጦጦን ተሻግሮ፣ ክራባቱን እንዳሰረ ይመጣል። ቁርበት በጭራው በኩል ከዞረ ጠጉሩ መሬቱን ይቧጥጣል እንጂ ስንዝር አይሄድም፤ አንድ ወፍራም ነጋዴ እንዲህ አዙሮ ተቀምጦበት "ኦቦ ገመቹ፣ ይሄ በሬዎ እኮ አልሞተም፣ እምቢ አለ!" ሲል ሰው በሳቅ ሣር ላይ ተንከባለለ። አዙረው ሲያስቀምጡት ግን ጩኸቱ ከእሱ ቀድሞ ታች ደረሰ፤ እናቴም ቁርበት ቀስ በል ሲሉት የሚሰማ ይመስል "ሱታ! ሱታ!" እያለች ከነእርጎዋ ሸሸች። ሰውዬው ከቁልቁለቱ ሥር ያለው ረግረግ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ጭቃውን ከዓይኑ ጠርጎ፣ "ድገሙኝ!" አለ።

የእንግዶቹ ስሞታ አንድ ብቻ ነበር፤ ጥላ የለም። ታዲያ እኔ፣ ጥርስ የሌለኝ ሊቅ፣ "ለምን ባሕር ዛፍ አንተክልም? ቶሎ ያድጋል" አልኩ። በሕይወቴ የሰጠሁት ምክር የተሰማልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። አባቴ ግንባሬን ስሞ ችግኙን በቁልቁለቱ ግራና ቀኝ ተከለ፤ ከምንጩ እየቀዳሁ፣ እየዘፈንኩም ያጠጣሁት እኔው ነኝ።

ዛፉ ቃሌን አከበረ። ጥላው ሲመጣ ሣሩ ሳሳ፣ ቅጠሉ የረገፈበት መሬት መላጣ ሆነ፣ ምንጩ ነጠፈ፤ ቁርበቱም እየተንገጫገጨ ወርዶ መሃል መንገድ ላይ መቆም ጀመረ፤ እንግዶቹ አንድ ሁለት እያሉ ቀሩ። አባቴ መጥረቢያ አነሣ። አንዱን ዛፍ ቢቆርጠው ከጉቶው ሦስት ሆኖ በቀለ፤ ሦስቱን ቢቆርጣቸው አምስት ሆኑ። እኔም ጎልምሼ ጉቶ እነቅላለሁ ብዬ የነቀልኩት ወገቤን ነው። ከዚያ የአጠና ነጋዴዎች መጡ፤ ወንድሜ ለከተማው ሕንፃ መወጣጫ የሚሆነውን ግንድ መሸጥ ያዘ፤ ቤታችንም ከሸርተቴው ዘመን የበለጠ ጠገበ። በጠገበ ቤት ውስጥ ለሣር ማልቀስ ደግሞ ያሳፍራል።

አባቴ አርጅቶ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ እኔን ይጠይቃል፤ ልጄ የሚለኝም እንደ ልማዱ በኦሮምኛ ነበር።

"ያ ኢልመ ኮ፣ ሣሩ ተመለሰ?"

"ተመልሷል አባዬ።"

"እስከ የት ደረሰ?"

"እስከ ጉልበቴ።"

"እንግዲያ ጥቅምት ሳያልቅ እጨደው። እንግዶቹ ይመጣሉ።"

ምን ላድርግ? በመጨረሻው ዓመት፣ ውሸቴ እንዳይነቃብኝ፣ ከጫንጮ አንድ ጭነት ድርቆሽ አስመጥቼ መስኮቱ ሥር ከመርኩለት። ነፋሱ ሽታውን ወደ ውስጥ አስገባ፤ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ሳበው፤ እኔም በብልጠቴ ኮራሁ።

"ደግ ሣር ነው" አለ። እንደገና ሳብ አደረገና፣ "የጫንጮ ነው" አለ።

እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ እጄን ዳሰሰኝ።

"ደከምክ፣ ያ ኢልመ ኮ" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሣሩ አልጠየቀኝም።

በቀብሩ ማግስት ወጥቼ ክምሩ ውስጥ አፍንጫዬን ቀበርኩ። የጫንጮው በምን እንደሚታወቅ፣ የእኛስ ምን ምን ይል እንደነበር ለመለየት እፍኝ እፍኝ እያነሣሁ አሸተትኩ። ስንት ዓመት ፊቴን ያሻሸሁበት፣ ጥርሴን የዘራሁበት ሣር ነበር። ደጋግሜ አሸተትኩ፤ ሣር ሣር ብቻ አለኝ።