ሾላው የተሣለበት ካርታ

እትዬ ሙሉጌጥ ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል የአንሶላ ክፍል በጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ምሥራቅ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን የሚረግጥ ሰው ጠፋ። ባላቸው አርፈዋል፤ ልጅ አልወለዱም። አንድ ጊዜ ሆቴሉ ያረፈች ፈረንጅ ሥዕል ያለበት ካርታ ጠረጴዛ ላይ ስትደረድር አይተው ነበር። ዝምታው ሲከብዳቸው ያ ትዝ አላቸውና፣ የጫማ ካርቶን በመቀስ እየቆረጡ በከለር እርሳስ የራሳቸውን ሠሩ።

የሐይቁን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን፣ አንድ እግሩን አጥፎ እንደቆመ ሣሉት። የሲዳማ ሽማግሌዎች ለዘመን መለወጫቸው ለፊቼ የሚጠብቋቸውን ከዋክብት ጉዱማሌ ከተባለው የበዓሉ ሜዳ ዛፎች በላይ በተኗቸው። በአንዱ ካርታ ትልቅ ሾላ ሥር መስቀልና ሙሰበሃ፣ የሙስሊሙን መቁጠሪያ፣ ጎን ለጎን አኖሩ። ፈጣሪን የሚያመሰግነው ሰው ብቻ አይደለም፤ ዛፉም፣ ወፉም ያመሰግናል ብለው ነው።

ሰፈሩ ግን «እትዬ ሙሉጌጥ ካርታ ገልጠው ነገን ያያሉ» አለ። ቤቱ ሞላ፤ በርጩማ እስከ መበደር ደረሱ።

«ኧረ እኔ የራሴንም ነገ አላውቅ!» ሲሉ ሰዉ ሳቀ። እውነታቸውን መሆኑ ሲገባው አንድ በአንድ ቀረ። የባለሱቁ የኑሪ ሚስት፣ ሙንተሃ፣ ብቻ መምጣቷን አልተወችም። ልጇ ሳዳም ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ከረመዳን ወዲህ ድምፁ የለም።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ እንዲሁ አይመልሱኝ» ብላ አንዱን ሳበች። ሾላው ወጣ። «ይደውላል?»

ሙሉጌጥ «ይደውላል» ቢሏት ነገም ትመጣለች። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

«ሙንተሃዬ፣ ካርቶን እኮ ነው። ከየት ያውቃል?»

«ታዲያ ለምን ሣሉት?»

«ሰው አጠገቤ እንዲቀመጥ።»

«ለመቀመጥማ አባ ኮዳውም ይቀመጣል!» ሻርፗን አጥብቃ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ባጃጅ ደጅ ላይ በቆመ ቁጥር ሙሉጌጥ ሰው መጣ ብለው ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ ባጃጁ ያልፋል፣ ይቀመጣሉ። የተበደሩትንም በርጩማ መለሱ፤ አንዱን ብቻ አስቀሩ።

ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሙንተሃ ናት። ምንም ሳትጠይቅ ከካርታው መሀል ሾላውን ራሷ ፈልጋ አወጣች።

«አልደወለም» አለች። ጣቷን አንድ ቅርንጫፍ ላይ አሳረፈች። «ትንሽ ልጅ ሳለ እንዲህ ያለው ላይ ወጥቶ አልወርድም ብሎኝ ነበር።»

ሙሉጌጥ በርጩማዋን ሳቡላት።

«ታዲያ እንዴት አወረድሽው?»

«ምን አወርደዋለሁ፣ እትዬ። ሲርበው ራሱ ወረደ።»

ውጭ ባጃጅ ቆመ። ሙሉጌጥ አልተነሡም።