ጢማሞቹና ሱፍ ለባሾቹ

ቀጂው ሲባል የማያውቀው ሰው መጠጥ ቤት ያለው ይመስለዋል። እሱ ግን በዕድሜው ለሰው የቀዳው ዘፈን ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሁለት ሰው ሲገባ ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ጠባብ ሙዚቃ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አስቀምጦ ካንዱ ወዳንዱ ካሴት ሲገለብጥ ኖረ። ማሽኑ የክፍሉን ድምፅ እንደማይወስድ አሳምሮ ያውቃል፤ ያም ሆኖ ቅጂ ላይ ሳለ ሳል ቢመጣበት ፊቱ እስኪቀላ ይውጠዋል እንጂ አይስልም። ለዘፈን ያለው አክብሮት እንዲህ ነበር።

የሚቀዳው የባሕር ማዶ ዘፈን ነው። ጊታራቸው የሚያለቅስ፣ ከበሯቸው ደረት የሚደቃ የድሮ የሮክና የፖፕ ባንዶች፤ ዛሬ በሕይወት ያሉትም ቢሆኑ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች። ከቋንቋቸው አንዲት ቃል አያውቅም። ይህ ሌላውን ሰው ያሳፍረው ይሆናል፤ ቀጂውን ግን ነፃ አወጣው ማለት ይቀላል። ርዕሳቸውን ማንበብ ስላልቻለ ራሱ ስም አወጣላቸው። «በሩን ዘግታ የሄደችው»፣ «ባቡሩ ያመለጠው»፣ «ሁለቴ የምታልቀው»። ይህቺ የመጨረሻዋ፣ አለቀች ሲሏት ተመልሳ የምትጀምር ዘፈን ነበረች። ደንበኞቹም በዚሁ ለምደው፣ ደጃፉ ላይ ቆመው «ጋሼ፣ ባቡሩ ያመለጠውን ይቅዱልኝ» ይላሉ። ዘፈኑ ውስጥ ባቡር ይኑር አይኑር የሚያውቀው ዘፋኙ ብቻ ነው።

ከሁሉም አብልጦ የሚወዳቸው ሁለት ባንዶች ነበሩ። ዘፈኖቻቸው ሱቁ የደረሱት በትልልቅ የቴፕ ጥቅል ሆነው፣ በካርቶን ሣጥን ውስጥ ነው። ጥቅሎቹ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ሣጥኖቹ ላይ ግን ከመጽሔት የተቆረጠ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። በአንደኛው፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ አምስት ጎልማሶች አጥር ተደግፈው ቆመዋል። በሁለተኛው፣ አገጫቸውን ሙልጭ አድርገው የተላጩ አራት ወጣቶች ሱፍ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ጢማሞቹ ልጅ የሚያስተኛ የሚመስል፣ ለስላሳ፣ እርስ በርሱ የሚቀባበል የፍቅር ዘፈን ይዘፍናሉ። ሱፍ ለባሾቹ ደግሞ ጣሪያ የሚያነሳ ጩኸት ይጮኻሉ።

ነገሩ ለሰው ሁሉ ግራ ነው። ቀጂው ግን ማብራሪያ አላጣለትም። «ጢሙን በመላጨት ጊዜ የማያባክን ሰው ለፍቅር ጊዜ ይተርፈዋል» ይላል። «እነዚህኛዎቹን እያቸው እስቲ። ከረባቱ አንቆ ይዟቸዋል። አንተስ አንገትህን ቢያንቁህ አትጮኽም?»

ይህን ማብራሪያ ሰፈሩ ሁሉ ሲቀበል አንድ ሰው ብቻ አሻፈረኝ አለ። እሱም ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የቀጂው የልብ ወዳጅ፣ ምሳውን በየቀኑ አብሮት የሚበላ፣ ፀጉሩን ከሌላ ሰው ተራ አስቀድሞ የሚቆርጥለት። ፀጉር አስተካካዩ ስለ ሙዚቃ አውቃለሁ ብሎ አያውቅም። የሚያውቀው አገጭ ነው።

«ስማኝ» ይላል፣ የጢማሞቹ ዘፈን ሲጫወት፣ ሽርጡን ሳያወልቅ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ «በእኔ እጅ ስንት አገጭ አልፏል። ይሄ አሁን የሚዘፍነው ሰውዬ ዛሬ ጠዋት ተላጭቷል። ከንፈሩ ላይ ምንም የለም። ጢም ድምፅ ይይዛል፣ እንዲህ ጥርት ብሎ አይወጣም። ሣጥኑን አሳስተኸዋል።»

«እኔ?» ይላል ቀጂው።

«አዎ አንተ።»

«ሂድ አንተ፣ ሰው ይጠብቅሃል።»

እየተሳሳቁ ነው ይህን የሚባባሉት። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ክርክሩ እንዳያልቅባቸው ሁለቱም ይጠነቀቁ ነበር ብል አላጋነንኩም።

እናም አንድ ቅዳሜ ሆነ። ቀጂው ይህን ቀን ሲተርከው እንደ ድል ነው። ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ እሱም ሞቅ ብሎታል። ፀጉር አስተካካዩ ከነሽርጡ ገባና «እስቲ አንዴ ውጭ ና፣ የምነግርህ ነገር አለ» አለው። ቀጂው ምን ሊለው እንደሆነ አልጠፋውም። «የጢም ነገር ከሆነ እዚሁ ሰው ፊት ተናገር!» ብሎ፣ ሱፍ ለባሾቹን አስገብቶ ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀው። ከዚያ ወደ ደንበኞቹ ዞሮ «ይሄ ጩኸት የጢማም ነው የምትሉ እጅ አውጡ» አለ። አንድም እጅ አልወጣም። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ፀጉር አስተካካዩ ጥቂት ቆሞ አየውና «ተወው በቃ» ብሎ ወጣ። በከንፈሩ እንጂ በድምፁ አልተሰማም፤ ስፒከሩ ውጦት ነበር።

«ያን ቀን አፉን አስያዝኩት» ይላል ቀጂው።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ፀጉር አስተካካዩ መንገዱን አልተሻገረም። ቀጂውም ለምን ብሎ አልጠየቀም። የተሸነፈ ሰው መምጣት ያለበት ራሱ ነው ብሎ ጠበቀ። በአራተኛው ወር የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ሞተች። ቀጂው ቀብሯ ላይ ሄዶ ከኋላ ቆመ፣ ሲሰናበቱ ወደፊት ቀርቦ እጁን ዘረጋ፤ ሰውየው የእሱን እጅ አልፎ የሚቀጥለውን ሰው ጨበጠ። ቀጂው እጁን ኪሱ ከተተና ቤቱ ገባ። «በጢም ምክንያት በቀብር ቀን እንኳ ይኮረፋል?» አላት ባለቤቱን። ከዚያ በኋላ ፀጉሩን የምትቆርጥለት እሷ ሆነች፣ በልብስ መቀስ። እግዜር ይስጣት፣ ብዙ ነገር የምትችል ሴት ናት፤ ፀጉር መቁረጥ ግን ከምትችለው ውስጥ አይደለም። ቀጂው ባርኔጣ ማድረግ የጀመረው ያኔ ነው።

ወዳጅነታቸው አሥራ ስምንት ዓመት ኖሮ ነበር። ኩርፊያቸውም አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው።

በመሃሉ ካሴት የሚባል ነገር ከዓለም ጠፋ፣ ሱቋም ተዘጋች። ቀጂው ቴፖቹን ሳሎኑ ውስጥ ደርድሮ፣ የማይጫወቱ ማሽኖችን በጥጥና በአልኮል እየጠረገ ተቀመጠ። ይህን ያየች ልጁ አንድ ቀን ስልክና የጆሮ ማዳመጫ ይዛለት መጣች።

«አባዬ፣ የእነዚያ ሰዎችህ ሥራ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ» አለችው። «ከመጀመሪያ አልበማቸው እስከ መጨረሻው፣ በዓመት በዓመቱ። ስማቸውን መጻፍ ሳይኖርብህ ፎቶውን ስትነካው ይዘፍናል።»

ቀጂው መጀመሪያ አላመነም፣ ቀጥሎ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር አልነሳ አለ። እሱ ዘንድ ይደርስ የነበረው የቅጂ ቅጂ ስለነበር፣ የቴፑ ክር ሲያልቅ ዘፈኑ ባለበት ይቆረጥ ነበር። አሁን የተቆረጠው ሁሉ ተቀጠለ። አንዱ ዘፋኝ ሠላሳ ምናምን ዓመት እስትንፋሱን እንደሳበ ቀርቶበት ነበር፤ አሁን ተነፈሰለት። ገና ልጅ ሆነው ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ የቀረጹትን፣ ስም ካገኙ በኋላ የሰነፉበትን፣ ሲጣሉ የሠሩትን፣ ሸምግለው የታረቁበትን ሰማ። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ከጊታሩ ይለያል። «ይሄ አልበም ላይ ከበሮ መቺው ተቀይሟል» ይላል ለባለቤቱ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ያለ ደስታ ካገኘ ብዙ ጊዜው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጢማሞቹ ዘንድ ደረሰ። አምስቱም አሉ፣ አጥሩም አለ፣ ያው ፎቶግራፍ ነው። በፍቅር ነካቸው። ጆሮው ላይ የፈነዳው ግን የሱፍ ለባሾቹ ጩኸት ነው።

ልጁን ጠራት። «ስልክሽ ተሳስቷል» አላት።

«ኧረ አባዬ፣ ስልኩ ምን አድርጎ ይሳሳታል?»

መድረክ ላይ ሲዘፍኑ የተቀረጹበትን ፊልም ፈልጋ አሳየችው። ጢማሞቹ አፋቸውን ከፍተው፣ ጢማቸው እየተወዛወዘ፣ ጣሪያ ሲያነሱ አየ። ቀጥሎ አራቱ ሱፍ ለባሾች እንደ እርግብ ሲያንጎራጉሩ አየ። አራቱም ዕለቱን የተላጩ ይመስላሉ። ቀጂው ወዲያው የሥራው ሁለተኛ ሳምንት ትዝ አለው፤ የሣጥኖቹን አቧራ ሊጠርግ ጥቅሎቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ነበር። ሲመልስ ማንን የት እንደመለሰ ለአፍታም አላሰበበትም።

ሦስት ቀን ስልኩን አልነካም። ያሳፈረው ሰፈሩን ሁሉ ማሳሳቱ አልነበረም፤ ሰፈሩማ በተሳሳተው ዘፈን ተደስቶ፣ ተፋቅሮ፣ ተጋብቶበታል። ያንገበገበው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ልክ ነበር፣ ልክ ሆኖ ሳለ ሰው ስቆበታል፣ በዚያው ቂም ወዳጁን አጥቷል። ቀጂው ደግሞ እንዳያመልጠው የፈለገው ወዳጅ እሱ ብቻ ነበር። ይህን ለራሱ እንኳ ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

«ሂድና ልክ ነበርክ በለው» አለችው ባለቤቱ።

«ባያናግረኝስ?»

«አሁንስ እያናገረህ ነው?»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኩንና የጆሮ ማዳመጫውን ይዞ ሄደ። መንገዱን ለመሻገር እግሩ አልታዘዝ ብሎት የድሮ ሱቁ በር ላይ ትንሽ ቆመ፤ አሁን የመነጽር መሸጫ ሆናለች። ፀጉር ቤቱ ግን እንዳለ ነው፤ ሁለቱ ወንበሮች፣ ረጅሙ መስታወት፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ምላጭ መሳያ ቆዳ። ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ሸምግሏል፣ መሬቱን እየጠረገ ነበር። ቀና ብሎ በመስታወቱ ውስጥ አየው።

«ግባ» አለ።

ቀጂው ባርኔጣውን አወለቀ። ፀጉር አስተካካዩ ጭንቅላቱን አየና ሳይወድ ፊቱ ተፈታ። «ማን ነው እንዲህ የፈጀህ?»

«ባለቤቴ ናት።»

«ምን አድርገሃት ነው?»

ቀጂው ሊስቅ ቃጣውና ተወው። ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ጠፋበት። ማዳመጫውን ሰውየው ጆሮ ላይ አደረገለት፣ ፊልሙን ከፈተና ስልኩን ዓይኑ ፊት ያዘለት። ፀጉር አስተካካዩ መጥረጊያውን እንደያዘ ጢማሞቹን ሲጮኹ አየ፣ ሱፍ ለባሾቹንም ሲያንጎራጉሩ አየ። ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቆ መለሰለት።

«ልክ ነበርክ» አለ ቀጂው። «ሣጥኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሰው ፊት አዋረድኩህ፣ ልክ የነበርከው ግን አንተ ነህ። ይቅር በለኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ግራ ገባው። ከዚያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አንተ በዚህ የተቀየምኩህ መስሎህ ነው?»

«ታዲያ በምን?»

«ስለ ጢም እኮ አልመጣሁም ያን ቀን።» ድምፁ አልጠነከረም። «ከሐኪም ቤት መምጣቴ ነበር። የባለቤቴ የምርመራ ውጤት በሽርጤ ኪስ ነበር። ለልጆቹ አልነግር፣ ለእሷ አልነግር፣ ለማን ልንገር ብዬ አሰብኩና መንገዱን ተሻገርኩ። አንተ ዘፈኑን አጮኽከው።»

ቀጂው አሥራ ስምንት ዓመት እንደ ድል ሲያወራው የኖረው ቅዳሜ ፊቱ ላይ ቆመ፤ የሳቀው ሰው፣ ያልወጣው እጅ፣ ያልሰማው «ተወው በቃ»። ለዘፈን ሲል ሳሉን የሚውጥ ሰው፣ ወዳጁ አንድ ነገር ሊነግረው ሲመጣ ድምፅ ጨመረበት። ዓይኑ ሞላ፣ አልደበቀውም። ስልኩን አጥፍቶ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ማበጠሪያዎች ጎን አስቀመጠውና ሌላኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩን ወደ ሰውየው አዞረው።

«አሁን ንገረኝ» አለ።

«አሁን ምኑን እነግርሃለሁ? ሞታለች እኮ፣ አንተም ቀብረሃታል።»

«አውቃለሁ። ያን ቀን ልትነግረኝ የነበረውን ንገረኝ። እንደ ያን ቀን አድርገህ።»

ፀጉር አስተካካዩ እጆቹን አየ፣ መስታወቱን አየ፣ በሩን አየ። የሚገባ ሰው የለም። ቀጂውም አላቻኮለውም።

«ከሐኪም ቤት መምጣቴ ነው» አለ በመጨረሻ። «ባለቤቴን አሟታል።»

«ምን አሉህ?» አለው ቀጂው።