ያለ አንድ ሽንፈት የሚለው ቲሸርት

ቁም ሳጥኔ ውስጥ አንድ ውሸታም ቲሸርት አለ። ድሮ ጥቁር ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ከመታጠብ ብዛት አመድማ ሆኗል። ደረቱ ላይ በእንግሊዝኛ የአንድ የአሜሪካ ቡድን ስም ታትሞበታል፤ ከስሙ ሥር «ሻምፒዮን» ይላል፤ ከዚያ ሥር ያሸነፉበት ቁጥርና ከጎኑ አንድ ትልቅ ዜሮ አለ። ዜሮዋ የሽንፈታቸው ቁጥር ናት። ዓመቱን ሙሉ ያለ አንድ ሽንፈት ማለት ነው። ቡድኑ ግን ሻምፒዮን አልሆነም። ልጆቼ የወለል መወልወያ ሊያደርጉት ስንቴ ሞክረዋል፤ ከእጃቸው ባልነጥቃቸው ኖሮ ይሄኔ አልቆለት ነበር።

የተወለድኩት ቢቸና፣ ያደግሁት ሞጣ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ እኔ ዳዴ ስል ነው ቤታችንን ጠቅልለው ወደ ሞጣ የመጡት። ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ካፒቴን ነበርኩ። የሚያሰለጥኑን የስፖርት መምህር አጭር፣ ቀጭን፣ ፊሽካቸውን እንደ ማተብ ከአንገታቸው የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሌሎቹን መምህራን ከነስማቸው ቲቸር እገሌ እንል ነበር፤ እሳቸው ግን ቲቸር ብቻ ነበሩ።

ቲቸር አንድ በሽታ ነበረባቸው፤ የአሜሪካ ስፖርት ክብረ ወሰን። የያዛቸው ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው። አሜሪካን በካርታ ካልሆነ አያውቋትም። ቤዝቦል የሚሉትን ጨዋታ አንድም ቀን ሲጫወቱት አላዩም፤ እኛም እስከ ዛሬ ደንቡ አልገባንም። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ወፍራም ደብተር በጥሩ እጅ ጽሑፍ መዝግበው ይዘውት ነበር፤ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት አንዳንድ ያነቡልናል። አንድ ሰው በአንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ብቻውን መቶ ነጥብ አስቆጥሯል። አንድ የቤዝቦል ቡድን ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ፣ አንድ ብቻ ቢደግም የሚሰናበት ሲሆን፣ የቀሩትን አራቱን ጠራርጎ አሸንፎ አለፈ። በእነሱ እግር ኳስ ደግሞ፣ እግር ኳስ ይሉታል እንጂ በእጃቸው ነው ይዘውት የሚሮጡት፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዋንጫው ሳይሸነፍ የጨረሰ ቡድን አንድ ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ነገር ቀን ነበረው። «ቀን የሌለው መዝገብ ወሬ ነው» ይሉ ነበር። አንዳችን አርፍደን ስንመጣ እንኳ ምክንያቱን ሳይሆን ቀኑን ነበር የሚጽፉት።

ቲሸርቱ የመጣው በገበያ ቀን ነው። የቡድናችን ኳስ አቀባይ የሆነችው ልጅ አያት ሞጣ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ይሸጡ ነበር። ሐጂ እንላቸዋለን። አዲስ የልብስ ቦንዳ ሲፈታ ቲቸር ቀድመው ይደርሳሉ፤ ሊገዙ አይደለም፣ ሊያነቡ ነው። ቲሸርቱን ሁሉ እያነሱ ደረቱን አንብበው፣ አጥፈው ይመልሳሉ። ሐጂ ይሥቁባቸው ነበር። «ሰው ልብስ ይለካል፤ እርስዎ ልብስ ይማራሉ» ይሏቸዋል። ያን ቀን ቲቸር አንዱን ሰማያዊ አነሱና ቁጭ አሉ። እኔና አቀባያችን ቆመን እናያቸው ነበር።

«ምን ይላል?» አሉ ሐጂ።

«ሁለተኛው ተገኘ» አሉ ቲቸር። «ያለ ሽንፈት የጨረሰ አንድ ብቻ ነው ስል ነበር። ይኸው ሁለተኛው።»

ሐጂ ነገሩ ብዙም አልገባቸውም፤ የሰውዬው ደስታ ግን ገባቸው። «እንዲህ ያለ ልብስ አይሸጥም። ለልጆቹ ይሁን» ብለው ሰጧቸው። ቲቸር እዚያው እንደተቀመጡ ደብተራቸው ላይ መዘገቡት።

ከዚያ በኋላ ቲሸርቱ የቡድናችን ሹመት ሆነ። በየጨዋታው ከሁላችን የበለጠች እስከሚቀጥለው ጨዋታ ትለብሰዋለች፤ ከዚያ አጥባ፣ ተኩሳ ታስረክባለች። ብዙውን ጊዜ እኔና አቀባያችን ነበርን የምንቀባበለው። ቤት ይዤው የገባሁ ቀን አባቴ ምን እንደሚል ጠየቁኝና ነገርኳቸው። «ያለ ሽንፈት? ይኼ ለመላእክትም አልተባለ» ብለው መጽሐፋቸውን ቀጠሉ። እኛ ግን በዚያ ዓመት አልተሸነፍንም። የመጣውን ሁሉ አሸነፍን። ዜሮዋ የእኛም ሆነች፤ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሰው መንገድ ይለቅልን ጀመር። እንደዚያ ጊዜ ኮርቼ የማውቅ አይመስለኝም።

የዋንጫው ጨዋታ ቢቸና ላይ፣ ከቢቸናዎች ጋር ሆነ። ቲሸርቱን ለብሼ በአውቶቡስ ደብረ ወርቅን አልፈን ሄድን፤ እኔ አክስቴ ቤት አደርኩ። የአክስቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቶ ነበር፤ ኢንተርኔት ያለው ስልክ ይዟል። ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ልኩራበት ብዬ፣ ደረቴን አሳየሁትና «እስቲ እነዚህን ፈልጋቸው» አልኩት። ኔትወርኩ እያቃሰተ ቆየ። ከዚያ ፈገግ አለ።

«እነዚህማ የመጨረሻዋን ተሸንፈዋል።»

«ቲሸርቱ ላይ እኮ ተጽፏል» አልኩት።

«ቲሸርቱን ለሁለቱም ቡድን ቀድመው ነው የሚያትሙት። ያሸነፈው እዚያው ሜዳ ላይ ይለብሰዋል። የተሸነፈውን ሰብስበው ወደ ድሃ አገር ይልኩታል፤ እነሱ አገር እንዲታይ አይፈልጉም።»

ንዴቴን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። እኔን ያበሸቀኝ መሸነፋቸው አይደለም። እኛ አገር ማንም አያነበውም ብለው መላካቸው ነው። ቲቸር ግን አንብበውታል። ቁጭ ብለው፣ መነጽራቸውን ጠርገው አንብበውታል።

ለቡድኑ ልንገር አልንገር እያልኩ ሜዳው ደረስኩ። ልጆቹ ሲያዩኝ ዜሮዋን እየነኩ ሳቁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ መለያዬን ከላይ ደረብኩበት።

ጨዋታው እስከ መጨረሻው ዙር ሄደ። በዚያ ዙር ቢቸናዎች አንዲት ነጥብ ብቻ ሲቀራቸው ሰርቭ የማደርገው እኔ ነበርኩ። የእኔ ሰርቭ ቀስ ያለ ነው፤ ኃይል የለውም፣ ግን ባዶ ቦታ ፈልጎ ይወድቃል። ዓመቱን ሙሉ ያሸነፍነው በእሱ ነው። ኳሷን ይዤ ጎንበስ ስል ከመለያዬ ሥር የለበስኩት ቲሸርት አንገቴን በላኝ። እነሱም እዚህች ጋ ሲደርሱ ነው የወደቁት አልኩ በልቤ። ቀና አልኩና ባለኝ ኃይል መታኋት። ኳሷ መረቡን መታችና እግሬ ሥር ተመልሳ ተንከባለለች። የቢቸና ሰው ሜዳውን ሞላው፤ ከመሃላቸው አክስቴም ነበረች።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ቲቸር ከፊት ተቀምጠው መንገዱን ብቻ ያዩ ነበር፤ ደብረ ወርቅ ሲቆም እንኳ አልወረዱም። እኔ ተናደውብኝ ነው ብዬ ገመትኩ። ያን ሽንፈት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሚስጥሩን ይዤ ገባሁ፣ ጥርጣሬው እጄን ያዘው፣ ዜሮዋን አጠፋኋት። ይህን ለማንም ሳልናገር አሥራ ምናምን ዓመት ኖሬያለሁ።

የቲሸርቱን ነገር ግን ከሳምንት በኋላ ነገርኳቸው። ደብተራቸው ላይ ውሸት ተጽፎ እንዲቀር አልፈለግሁም። ቲቸር «በስንት ተሸነፉ?» አሉ። ነገርኳቸው። «ጨዋታው መቼ ነበር?» አሉ። እሱንም ነገርኳቸው። እኔ መቼ እንዳወቅሁ ግን አልጠየቁኝም። የሁሉን ነገር ቀን የሚጠይቁ ሰው ያቺን አንዷን ቀን ሳይጠይቁ ቀሩ፤ እኔም አልተናገርኩም። ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ወጡና «የነገርኳችሁ ሁለተኛ ቡድን ትክክል አይደለም፤ ተሳስቻለሁ፤ ሳይሸነፍ የጨረሰው አሁንም አንድ ብቻ ነው» ብለው ወረዱ። ተማሪው ምን እንደሚያወሩ አላወቀም፤ ሳቀ። ሐጂ ሲሰሙ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።» ቲሸርቱን የሚቀበለኝ ጠፋ፤ እኔው ዘንድ ቀረ።

አሁን እዚያው ሞጣ አስተማሪ ነኝ። ቲቸር ጡረታ ወጥተው ቢቸና ልጃቸው ጋ ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ዘንድሮ ለአክስቴ ልቅሶ ወርጄ ጠየቅኋቸው። በድምፄ ለዩኝ። ትንሽ ተጫወትንና ከራስጌያቸው ያንን ደብተር አውጥተው «የሚያነብልኝ የለም፤ ልጄን ስታነብ እንቅልፍ ይጥላታል» አሉኝ። በረንዳ ላይ ተቀምጠን ጮክ ብዬ አነብላቸው ጀመር። ባለ መቶ ነጥቡን ሰውዬ፣ ሦስቴ ተሸንፈው አራቴ ያሸነፉትን። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቀኑን ከእኔ ቀድመው ይሉታል። ሁለተኛው ቡድን ጋ ስደርስ በአንድ መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ የአሜሪካ ያልሆነ አንድ መዝገብ ነበር። እሱንም ማንበብ ጀመርኩ።

«የሞጣ ሴቶች መረብ ኳስ። ዓመቱን ሙሉ አልተሸነፉም። ዋንጫውን ቢቸና ላይ አጡ። ምክንያት፤ አሰልጣኙ። ካፒቴኗ እንደ ልማዷ ቀስ ብላ ልትመታ ስትል፣ በሙሉ ኃይሏ እንድትመታ ጡጫዬን አንሥቼ ምልክት ሰጠኋት። ታዛዥ ልጅ ናት፤ መታች።»

ታዛዥ ልጅ። እናቴ ብትሰማ በሣቀች ነበር። እኔ ግን ደብተሩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ቲቸር» አልኳቸው፣ «እኔ እኮ ምልክቱን አላየሁትም። ወደ እርስዎ አልዞርኩም ነበር።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የአክስቴን ልጅ፣ ስልኩን፣ ቁርሱን፣ አንገቴን የበላኝን ቲሸርት። እሳቸው ጡጫቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ባንቺ ነው ብለሽ ነው የኖርሽው?»

«አዎ።»

«እኔም በእኔ ነው ብዬ» አሉ። አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

ትንሽ ቆይተው ብዕር እንድፈልግ አዘዙኝ። «መዝገቡ ተሳስቷል። ምልክቱን አላየችም ብለሽ ጻፊ።» ከሥሩ ጻፍኩት። «የቲሸርቱን ነገር ያወቅሽው መቼ ነበር?»

«በዚያው ቀን፣ ጠዋት።»

«በይ» አሉ፣ «ቀኑን አስገቢበት።»