ጋሽ ሰዒድ ካምቦዲያ ለሽምግልና የሄዱ ጊዜ

አትላንታ ውስጥ ልጁን የዳረ ሐበሻ ሁሉ ጋሽ ሰዒድን ያውቃቸዋል። እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ የደሴ ሰው ይሁን የመርካቶ፣ የሴት ልጅ ጥያቄ ካለ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። በሥራ ቀን ኮንየርስ ከተማ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳሉ። እሑድ ሲሆን ግን ያቺን ግራጫ ሱፍ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው የሰው በር ላይ ይቆማሉ። ቁመታቸው ማሻአላህ ነው። እንደዚያ ቆመው ሲያዩዋቸው፣ የሚድሩት ልጅ ባይኖርዎት እንኳ ከጎረቤት ተበድረው ይሰጣሉ።

እኔ ዓሊያ እባላለሁ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ መህዲ። እሱ ነው ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው።

አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ «ማሚ፣ ላገባ ነው» አለኝ።

«የማንን ልጅ?»

«የዶናት ቤቱን ሰውዬ።»

ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ዶናት ቤት ያለው ካምቦዲያዊ ነው። ሙስሊም ነው ደግሞ፤ ቻም የሚባሉ ሕዝቦች አሉ፣ ከእነሱ ወገን። መህዲ በረመዳን ለመስጊድ ማፍጠሪያ ዶናት ሊገዛ ይገባና የሰውየውን ልጅ፣ ራፊያን ያያል። ከዚያማ ምኑ ይነገራል! ጣፋጭ ነገር የማይወድ ልጅ ወሩን ሙሉ ካርቶን ሙሉ ዶናት ሲያመላልስ አለመጠርጠሬ! እኔ ሰደቃ መስሎኝ ስመርቀው ከረምኩ።

ልጅቷን ቤት አምጥቶ ሲያሳየኝ ወደድኳት። ምን ይወጣላታል? ሥርዓት ያላት፣ ሳቂታ፣ እጇ ለሥራ የማይሰንፍ። አባቷ ግን እንዲህ አለን፦ «ሚስቴ ስትሞት ራፊያ ሕፃን ነበረች። ያሳደገቻት እናቴ ናት፣ አገራችን ካምቦዲያ፣ ፕኖም ፔን። እሷ እሺ ካለች እኔም እሺ ነኝ። እምቢ ካለች ግን ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።»

መህዲ ወዲያው ስልኩን አወጣ። «ኢዚ ነው፣ ቪዲዮ ኮል አድርገን እንጠይቃቸው። ላይክ፣ አምስት ደቂቃ።»

ጋሽ ሰዒድ ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ሴት ልጅ በስልክ ትታዘዛለች እንዴ? ፒዛ ናት?»

እንዲህ ሆነና በዲሴምበር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ቲኬት ቡክ አደረግን። ጋሽ ሰዒድ ቫኬሽናቸውን በሙሉ ለዚህ አዋሉት። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው ንዋይም «አንድ ሽማግሌ ሽማግሌ አይባልም» ብሎ ገባ። ክርስቲያን ነው፣ የወሎ ሰው ነው፣ ግን እውነቱን ለመናገር የፈለገው አገር ማየት ነው። እኔ ስነሣ ጋሽ ሰዒድ ፊታቸውን አጠቆሩብኝ።

«ዓሊያ፣ የወንድ እናት ሽምግልና አትሄድም። ወጉ አይደለም።»

«እኔ ምን አገባኝ ሽምግልና? እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ እኔ ቱሪስት ነኝ» አልኳቸው።

ፕኖም ፔን ስንደርስ የራፊያ አጎት ስማኤል ተቀበለን። እኛ ባጃጅ የምንለውን ይነዳል፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል። ንዋይ ሾፌር መሆኑን ረስቶ እንደ ሕፃን እየተንጠራራ ያያል። ከተማይቱ ወንዝ ላይ ተኝታለች። የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ወርቅማ ነው፤ ጫፉ ቀጥ ብሎ ሰማዩን ሊወጋ የደረሰ። ወንዙ ዳር ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ይንሸራሸራል፣ አሮጊቶች በሙዚቃ ስፖርት ይሠራሉ። ስማኤል ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበትን አሳየንና፣ «ይኼኛው በክረምት ወደ ኋላ ይፈሳል» አለን።

«ወደ ኋላ?» አለ ንዋይ። «አንተ ልጅ፣ እንግዳ ስለሆንን ነው?»

«ሜኮንግ ሲሞላ ይገፋዋል። ወደ መነሻው ሐይቅ ይመለሳል።»

ንዋይ እስከ ማታ ድረስ ያገኘውን ሰው ሁሉ ሲጠይቅ ዋለ። ሁሉም እውነት ነው አሉት፣ አላመነም። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው ፔን ከምትባል ባልቴት ነው ይላሉ፤ ኮረብታው ላይ ቤተ መቅደስ ያሠራች። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝና ጋሽ ሰዒድን፣ «አዩ? እዚህ አገር ነገር የሚጀምረው ከሴት ነው» አልኳቸው። እሳቸው አልሰሙኝም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ነገ የሚናገሩትን ያጠናሉ።

በማግስቱ ድልድዩን ተሻግረን ቻሞቹ ወደሚኖሩበት ሰፈር ሄድን። አዛን ይሰማል፣ ዓሣ አጥማጆች መረብ ያጥባሉ። የራፊያ አያት ቤት በእንጨት ቋሚ ላይ የተሠራ ነው። ሁሉም «ዬይ» ነው የሚሏቸው፤ በአገሩ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ዬይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ደቃቃ ናቸው፣ ዓይናቸው ግን መርፌ ነው። ፍራፍሬ፣ ሻይ፣ ኬክ ደርድረዋል። ቁጭ በሉ ብለው በእጃቸው አመለከቱን።

ጋሽ ሰዒድ በዚያ ሙቀት ሱፋቸውን ቆልፈው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ አሉ። ንዋይም አጠገባቸው።

«አንቀመጥም» አሉ። «ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ዬይ እንደገና ምንጣፉን መታ መታ አደረጉ። ጋሽ ሰዒድ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስማኤል ላብ አጠመቀው፤ «ፕሊስ ሲት፣ ፕሊስ» ይላል። ጋሽ ሰዒድ ጭራሽ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረቡና ከላይ ሆነው ንግግራቸውን ጀመሩ፤ ስለ መህዲ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ጨዋነቱ። አሮጊቷ አንገታቸውን ወደ ኋላ አጥፈው ሲያዩዋቸው ቆዩና ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ከዚያ ለስማኤል አጭር ነገር ተናገሩ።

«እንግዶቹ ይሂዱ፣ አገር ይዩ ነው የምትለው» አለ ስማኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ንዋይ ደረጃውን ስንወርድ በደስታ ሊፈነዳ ነው። «ሰማችሁ? ሂዱና ተመለሱ አሉን! ቁርጥ የእኛ ወግ! በመጀመሪያ ቀን እሺ ቢሉን ነበር የሚያሳፍረው።» ጋሽ ሰዒድም ፈገግ አሉ። እኔ ግን እናት ነኝ፤ የስማኤልን ፊት አይቻለሁ።

ስማኤልን ያዝኩት። «እውነቱን ንገረኝ።»

አንገቱን ደፋ። «ትልቅ ሰው ተቀምጦ ከራሱ በላይ ቆሞ መናገር እዚህ ንቀት ነው። እኛ በሽማግሌ ፊት ስናልፍ እንኳ ጎንበስ ብለን ነው። እናቴ፣ ልጄን ሊወስዱ ሳይሆን ጌታ ሊሆኑብኝ ነው የመጡት ብላለች።»

ስነግራቸው ጋሽ ሰዒድ ባጃጁ ውስጥ ኩምሽሽ አሉ። ያ ሁሉ ቁመት የት እንደገባ! «እኔ? አሮጊት ንቄ?» ይላሉ ደጋግመው። «አላህ ያውቃል ለክብራቸው ነው የቆምኩት። የመህዲን ነገር በገዛ እጄ አበላሸሁት።» ራት አልበላም አሉ። እኔም ልጄን አስቤ አለቀስኩ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ትንሽ ረገምኳቸውም።

በነጋታው ወደ ሲየም ሪፕ፣ ወደ ጥንታውያኑ የክመር ነገሥታት መቅደሶች ልንሄድ ሚኒባስ ስንሳፈር ማን ተቀምጧል? ዬይ! ከፊት ወንበር፣ ሻሻቸውን አስረው፣ ምግብ ቋጥረው። ስማኤል ትከሻውን ነቀነቀ። «በመንገድ ላይ ልያቸው አለች።»

መቼም እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ አላውቅም። ንዋይ ሲያዛጋ እንኳ በክርኔ እጎሽመው ነበር።

አንግኮር ዋት የሚባለውን ትልቁን መቅደስ ስናይ ግን መጠንቀቁን ረሳነው። አድረን፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ውኃው ዳር ቆመን ነበር። ግንቦቹ ከጭጋጉ አንድ በአንድ ሲወጡ፣ መልካቸው ኩሬው ውስጥ ተገልብጦ ሲታይ፣ እኔ «ሱብሐነላህ» ብዬ ቀረሁ። ንዋይ አማተበ። «ላሊበላ ላይ ወደ ታች ቆፈሩት፣ እነዚህ ደግሞ ወደ ላይ ቆለሉት» አለ። ጋሽ ሰዒድ ከገቡበት ኀዘን ያወጣቸው ድንጋዩ ነው። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ይዞራሉ።

«ይኼ ሁሉ ያለ ፎርክሊፍት?»

«ከተራራ በውኃ፣ በታንኳ አምጥተው ነው ይባላል፤ ዝሆንም ነበር» አለ ስማኤል።

«ዝሆን ላይሰንስ አያስፈልገው!» አሉና ሳቁ። ከዚያማ ማን ያቆማቸው! ይህ ብሎክ ምን ያህል ይከብዳል፣ ይኼኛው እንዴት ተነሣ፣ ይህን የደረደረው ሰው ሺፍቱ ስንት ሰዓት ነበር እያሉ ስማኤልን ወጥረው ያዙት። ዛፍ የዋጠው መቅደስ ጋ ስንደርስ፣ ሥሩ ግድግዳውን አቅፎ ጣሪያው ላይ ወጥቶ አየን። ዬይ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ያዩናል።

አንድ ጥላ ሥር ዐረፍ ስንል ዬይ በቀርከሃ ውስጥ የተጠበሰ ሩዝ ሰጡን። በኮኮናት የጣፈጠ፣ ምን ልበላችሁ፣ እጅ ያስቆረጥማል። እኔ ልማድ አይለቅም፣ አንዱን ጠቅልዬ ሳላስበው ወደ አፋቸው ዘረጋሁት። ንዋይ «ኧረ አበደች!» አለ። አሮጊቷ እጄን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ጎረሱና ሳቁ፤ ጥርሳቸው ሁለት ነው። ሁለተኛ ደገምኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ባዮን ወደሚባለው መቅደስ ገባን። ግንቡ ሁሉ ፊት ነው፤ ትልልቅ የድንጋይ ፊቶች፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በየአቅጣጫው ፈገግ ይላሉ። ዬይ ደከማቸውና አንድ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ጋሽ ሰዒድ ከዘራቸውን ለንዋይ ሰጡ። ሱፋቸው ምን ይሆናል አላሉም፣ ጉልበታቸው ያማል አላሉም፤ ከአሮጊቷ እግር ሥር መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ራሳቸው ከዬይ ጉልበት ዝቅ እስኪል አጎነበሱ።

«ስማኤል፣ አንድም ቃል ሳትቀንስ ተርጉም» አሉ። «እናቴ፣ በእኛ አገር ጠያቂ የሚቆመው ለክብር ነው። እኔ የእርስዎን ወግ ሳልጠይቅ የራሴን ይዤ መጣሁ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቅጣቱ ለእኔ ይሁን፤ ልጆቹ ግን ይዋደዳሉ።»

ዬይ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። ስማኤል ሊደግፋቸው ሲሮጥ ገፉት። ጋሽ ሰዒድ ሊነሡ ሲሉ በእጃቸው መለሷቸው።

«በእናንተ አገር የሚጠይቅ ሰው ከቆመ፣ እኔም የምጠይቀው አለኝ» አሉ። «ልጁ ያስከፋት ጊዜ፣ ያመማት ጊዜ፣ ራፊያ ወደ ማን ትሮጣለች? አባቷ ከምድጃው አይለይም።»

ጋሽ ሰዒድ ወደ እኔ ጠቆሙ። «ዓሊያ አለች። እናት ትሆናታለች።»

«እሷ ደግ ሴት ናት፣ አጉርሳኛለች። ግን የልጁ እናት ናት፤ ለልጇ ታዳላለች።»

ልቆጣ ነበር፣ ግን እውነታቸውን እኮ ነው።

«አንተስ?» አሉ ዬይ። «ልጅ አለህ?»

ያ ረቢ! ይህን ጥያቄ አትላንታ ውስጥ ደፍሮ የሚጠይቃቸው የለም። ጋሽ ሰዒድና ባለቤታቸው ነዚፋ ልጅ የላቸውም። ሐኪም ቤት ተመላለሱ፣ ዱዓ አስደረጉ፣ አልሆነም። የሁላችንን ልጆች የዳሩ ሰው የራሴ የሚሉት የላቸውም፤ እኛም ሰርጉን እያሞቅን ነገሩን እናልፈዋለን።

«አላህ አልሰጠኝም» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

አሮጊቷ መዳፋቸውን ጋሽ ሰዒድ ራስ ላይ ጫኑ። «እንግዲያው ራፊያን የምሰጣት ለልጁ አይደለም። ለአንተ ነው። ልጅህ ናት። ልጁ ከፈለጋት ካንተ ደጅ ይጠይቅ። እሺ ካላልከኝ አልቀመጥም።»

ጋሽ ሰዒድ እሺ ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ትልቅ ሰውዬ ቱሪስት ሁሉ እያየው እንደ ልጅ አለቀሰ። ንዋይም አለቀሰ፣ ስማኤልም ትርጉሙን ትቶ አለቀሰ። እኔማ እልልታዬን ለቀቅሁት፤ ዘበኛው ሮጦ መጣ።

ይህን የምጽፈው ከተመለስን በኋላ ነው። የራፊያ አባት በደስታ ተስማምቷል፤ ኒካሑን እሱ ያሥራል፣ ሽምግልናው ግን ጋሽ ሰዒድ ቤት እንዲሆን ተወሰነ። ራፊያም ቅዳሜና እሑድ ዲኬተር ያለው ቤታቸው ናት፤ ነዚፋ ጠጉሯን ታበጥርላታለች፣ አብረው ገበያ ይወጣሉ፣ የስልካቸውን ሁሉ ነገር ራፊያ ታስተካክላለች። እና ባለፈው እሑድ ንዋይና ሁለት ሽማግሌዎች የመህዲን ጥያቄ ይዘው እዚያው ሄዱ። እኔም ከኋላ ቱሪስት ሆኜ ተከተልኩ።

ጋሽ ሰዒድ ሶፋቸው ላይ ተዘርግተው ተቀምጠዋል። «ቁጭ በሉ» አሉን።

«ጉዳይ አለን፤ አንቀመጥም» አለ ንዋይ።

ጋሽ ሰዒድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸው ሞልቷል፣ ከንፈራቸው ግን ሳቁን መያዝ አቅቶታል።

«ልጄን ሳላማክር መልስ የለኝም» አሉ። «በሳምንቱ ተመለሱ።»

ነዚፋ ከኩሽና እልል አለች፤ ገና እሺ እንኳ ሳይባል! መህዲ መኪና ውስጥ ሆኖ ቴክስት ላይ ቴክስት ይልክብኛል። ወላሂ፣ አንድ ሳምንት ቢጠብቅ አይሞትም።